የሰባት ወር ቦርደር ኮሊ ስንት ኪሎ ሜትር ቢሮጥ ይረጋጋል?

ይህ በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ የተካሄደ የውይይት ክር ማጠቃለያ ነው። ክሩን የከፈተው ጅማ፣ ቦሳ አካባቢ የሚኖር አባል ነው። ሰባት ወር የሞላው፣ 16 ኪሎ የሚመዝን ወንድ ቦርደር ኮሊ (በግ የሚነዳ የእረኛ ውሻ ዘር) አለው። ውሻው ቀን ጓሮ በሰንሰለት ታስሮ ይውላል፤ ማታ የግቢው በር ሲዘጋ ይለቀቃል። ጠዋት ለአንድ ሰዓት፣ ማታም ለአንድ ሰዓት ያህል ወደ ጅሬን በሚያወጣው ዳገት ይሮጣል፤ ሲመለስም ኳስ ይወረወርለታል። ይህ ሁሉ እየተደረገለት ልጆች ሲሮጡ ተረከዛቸውን ይይዛል፤ ባጃጅ ባለፈ ቁጥር በቆርቆሮው አጥር ሥር ከጫፍ ጫፍ እየተመላለሰ ይጮኻል፤ ፀሐይ ስትወጣ የገዛ ጥላውን ያሳድዳል። ጠያቂው ድካም ያልበቃው መስሎታል፤ ስለዚህ የሚፈልገው አንድ ቁጥር ነው። በቀን ስንት ኪሎ ሜትር? ካልሆነ ለሌላ ሰው ሊሰጠው እንዳሰበም ከታች ጨምሯል። የተከተለውን በየቁጥሩ አስቀምጣለሁ፤ ሰላምታና ምስጋና ብቻ የያዙትን ከቁጥር አላስገባኋቸውም።

1. የመጀመሪያው መላሽ የተጠየቀውን ቁጥር ሰጠ። በቀን 15 ኪሎ ሜትር፣ ቢቻል ከብስክሌት ጋር። ማብራሪያ የለውም።

2. ሁለተኛው ይህን በትሕትና፣ ግን በቁርጥ ተቃወመ። ሩጫ የሚጨመርለት ውሻ ሯጭ ይሆናል እንጂ አይደክምም፤ ልቡና ሳንባው በጥቂት ሳምንታት ከአዲሱ ርቀት ጋር ስለሚላመዱ ዛሬ ያደከመው ዳገት በወሩ ማሟሟቂያ ነው። ደግሞም በሰባት ወሩ የአጥንቱ ማደጊያ ጫፎች ገና አልተዘጉም፤ በዚህ መጠን ባሉ ዘሮች ነገሩ እስከ ዓመት ገደማ ይቆያል። በአስፋልት ላይ ከብስክሌት ጎን ማስሮጥ፣ ደረጃ ማመላለስና ደጋግሞ ማዘለል እስከዚያ ድረስ መገጣጠሚያን ይጎዳል። ኳሱን ከሩጫው የባሰ አድርጎ ነው የሚያየው። ማሳደድና መያዝ ያለ ፋታ ሲደጋገም ውሻው እንደተቀሰቀሰ ይቀራል፤ ኳሱ ሲነሳ የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ኳስ ይሆንበታል። ጥላውም፣ ባጃጁም፣ የልጅ ተረከዝም ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ናቸው ባይ ነው። ያዘዘው ደግሞ ይህ ነው፤ ሁለቱ የሩጫ ሰዓቶች ይቅሩና በምትካቸው ውሻው በረጅም ገመድ እያሸተተ፣ በራሱ ፍጥነት የሚሄድበት የ40 ደቂቃ ጉዞ ይግባ፤ ኳሱ ለአንድ ወር ይደበቅ፤ እንቅልፍና ዕረፍቱ ተደምሮ በቀን ከ16 ሰዓት አይነስ። ቦርደር ኮሊ ዕረፍትን በራሱ አያገኛትም፤ እንደ ማንኛውም ትእዛዝ መማር አለበት።

3 እና 4. ሦስተኛው፣ በየወሩ ዕድሜ አምስት ደቂቃ የሚለውን ስሌት ጠቅሶ ለሰባት ወር ውሻ ከ35 ደቂቃ በላይ ክልክል ነው አለ። አራተኛው አረመው። ስሌቱ በጥናት የተደገፈ ሕግ ሳይሆን በልምድ የመጣ መጠንቀቂያ ነው፤ የሚመለከተውም በአንድ ፍጥነት ተገድዶ የሚደረግ ጉዞን እንጂ ውሻው ቆም ቀጠል እያለ ሣር የሚያሸትበትን አይደለም። ሦስተኛው ተቀበለ። በዚህ ክር ውስጥ እንዲህ ያለ ሰላማዊ እርማት ብዙ ስለሌለ መጥቀሱ አይከፋም።

5. ከሁሉ የሚጠቅመው ይህ ምላሽ ይመስለኛል። ዕረፍትን እንዴት እንደሚያስተምሩ በቅደም ተከተል አስቀመጠ። ዕቃው አንድ ባዶ የቡና ጆንያ ነው፤ ተራግፎ፣ ታጥቦ፣ ሁለት ጊዜ ታጥፎ ጸጥ ባለ ጥግ ይነጠፋል። ውሻው በራሱ ጊዜ እግሩን ባሳረፈበት ቅጽበት «ጎበዝ» ይባልና የሽምብራ ፍሬ የምታህል የተቀቀለ ጉበት እዚያው ጆንያው ላይ ትጣልለታለች። ከእጅ አትሰጥም፤ ከእጅ የለመደ ውሻ ዓይኑን ከእጅ ስለማይነቅል ጆንያው ትርጉም ያጣል። ልምምዱ ሦስት ደቂቃ፣ በቀን አራት ጊዜ ነው። ሳይታዘዝ በራሱ ከተኛ ሦስት ቁራጭ በተከታታይ ይጣልለት። መተኛቱ ሲለመድ ሰከንድ ይጨመራል፤ 3፣ 5፣ 10፣ መልሶ 4፣ ከዚያ 15። ሁልጊዜ እየረዘመ ብቻ ከሄደ ውሻው መክበዱን ስለሚያውቅ ይነሣል። ቀጥሎ እርምጃ ይገባል፤ አንድ እርምጃ መራቅና መመለስ፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ ጀርባ መስጠት። የበር ማንኳኳትና የልጆች ሩጫ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጡት። ማሰናበቻው ቃል «በቃ» ነው፤ ያለ እሱ ውሻው መቼ እንደሚነሣ ራሱ ይወስናል።

የሚበላሽበትንም ዘርዝሯል። «ቦታ» የሚለው፣ ወደ ጆንያው መላኪያው ቃል ውሻው ሥራውን ሳያውቅ ከተነገረ ባዶ ጩኸት ሆኖ ይቀራል፤ ቃሉ የሚገባው ከአሥር ጊዜ ዘጠኙን በራሱ ሄዶ ሲተኛ ነው። ሰዓትና ርቀት በአንድ ጊዜ አይጨመሩም። ሁለቴ በተከታታይ ከተነሣ ወደ ኋላ አንድ ደረጃ መመለስ ነው። ሲያጠፋ ወደ ጆንያው መላክ ደግሞ የሠሩትን ሁሉ ያፈርሳል፤ ጆንያው እስር ቤት ከሆነ ማን ይተኛበታል?

6 እና 7. እዚህ ላይ ወሬው ወደ ምግብ ዞረ። ስድስተኛው በጉበት ፈንታ ዳቦ ቆሎ ይሆናል ወይ ብሎ ጠየቀ። ሰባተኛው፣ በርበሬ ከሌለበትና ፍሬው ለሁለት ከተከፈለ ይሆናል፤ ግን ለባጃጅ ልምምድ ዋጋው ትንሽ ነው አለ፤ ውሻው ቤት ውስጥ ለዳቦ ቆሎ ይሠራል፣ መንገድ ላይ ግን አይመለከተውም። የማበረታቻው ምግብ በጠቅላላ ከቀኑ ምግብ አንድ አሥረኛ እንዳያልፍ፣ ጉበትም ቫይታሚን ኤ ስለሚያከማች ዋና ምግብ እንዳይሆን አሳሰበ። የወጥ ትራፊ የሚሰጡትን ግን ገሠጸ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ፤ በኪሎ ክብደቱ ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት ጉዳት ያመጣል፤ ለ16 ኪሎ ውሻ ከ240 ግራም ጀምሮ ማለት ነው፣ ይህም ሁለት ሦስት ራስ ሽንኩርት ነው። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ መስጠትም እየተደራረበ እዚያው ያደርሳል። ቤት የሚበስልለት ከሆነ ሩዝ ወይም ቂንጬ ከሥጋ ጋር፣ ጨውና ቅመም ሳይገባበት። ሥጋ ብቻ መመገብ ካልሲየም ያሳጣል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ በደንብ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ወደ 2 ግራም ካልሲየም አለው። የተቀቀለ አጥንት ግን አይሰጥም፤ ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል።

8. ስምንተኛው ከርዕሱ ወጣ፤ ለጅማ ሰው ግን ጠቃሚ ነው። ጆንያው ይታጠብ የተባለው በዋዛ እንዳይታይ አለ። አረቢካ ቡና ከክብደቱ 1.2 በመቶ ያህል ካፌይን ነው፤ ውሻ ላይ መቁነጥነጥና የልብ ምት መፍጠን በኪሎ ክብደቱ ከ20 ሚሊ ግራም ገደማ ይጀምራል። ለ16 ኪሎ ውሻ ይህ 27 ግራም ፍሬ፣ አንድ እፍኝ የማይሞላ ቡና ነው። የተቆላ ቡና በምንቸት አስቀምጦ መሄድ፣ አተላውንም ጓሮ መድፋት ለቡችላ አደጋ ነው።

9 እና 10. ዘጠነኛው ሰንሰለቱን አነሣና ክሩ ሞቀ። ውሻን ቀኑን ሙሉ አስሮ ማታ በመልቀቅ እረኛ ውሻ አይገራም፤ የሚያየውን መድረስ ያልቻለ ውሻ ጭንቀቱን ጅራቱንና ጥላውን በማሳደድ ይወጣል፤ እንዲህ የሚያሳድር ሰው ውሻ ባይኖረው ይሻላል ብሎ ደመደመ። ቃሉ የከረረ ነበር። አሥረኛው በዚያው ልክ መለሰ። ግቢ ውስጥ ተከራይ አለ፣ ልጅ አለ፣ የሚገባ የሚወጣ አለ፤ ማታ ደግሞ ሌባም ጅብም አለ፤ አበሻ ውሻውን ቀን የሚያስረው ጨካኝ ስለሆነ ሳይሆን ጎረቤቱን አክብሮ ነው አለ። ሁለቱም ከፊል እውነት ይዘዋል፤ ማናቸውም ግን ለጠያቂው ነገ ጠዋት የሚሠራበት ነገር አልሰጡትም።

11. የሰጠው አሥራ አንደኛው ነው። ከሰንሰለት ይልቅ የሽቦ በረት እንዲሠራ መከረና ልኩን ጻፈ። 3 ሜትር በ4 ሜትር፣ ቁመቱ 2 ሜትር። ምሰሶ በየ2 ሜትሩ፣ 60 ሳንቲ ሜትር ተቀብሮ፤ ባሕር ዛፍ ከሆነ በደንብ የደረቀ፣ አለበለዚያ ሲደርቅ ይጣመምና ሽቦው ይላላል። የሽቦው ዓይን ከ5 ሳንቲ ሜትር አይሰፋም፤ ከሰፋ ጥርሱን አስገብቶ ይስባል። ሽቦው ከምሰሶው በውስጥ በኩል ይመታል፤ በውጭ ከተመታ ውሻው ሲደገፈው ምስማሩ ይነቀላል። ግርጌው 40 ሳንቲ ሜትር ወደ መሬት ይወርዳል፤ ካልሆነ ወደ ውስጥ ታጥፎ በድንጋይ ይጫናል፤ ይህ ዘር ይቆፍራል። የመንገዱ ጎን በሙሉ በቆርቆሮ ወይም በሸራ ይሸፈን፤ ባጃጁን ካላየው አጥር ለአጥር መሮጡ ግማሹ ያን ቀን ይቆማል። ጣሪያው ሲሶው ቆርቆሮ ቢሆን ይበቃል። ወለሉን ግን ጅማ ላይ መናቅ አይቻልም፤ ከሰኔ እስከ መስከረም በሚወርደው ዝናብ ቀዩ አፈር ጭቃ ሆኖ በጣቶቹ መካከል ቁስል ያወጣል። ተዳፋት አድርጎ 10 ሳንቲ ሜትር ጠጠር ማልበስ፣ መኝታውንም በጣውላ ከመሬት 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማድረግ ነው። በረቱ የዕረፍት ቦታ እንጂ መኖሪያ እንዳይሆን፣ አንድ ጊዜ ሲገባ ከሦስት አራት ሰዓት በላይ እንዳይቆይ አሳሰበ። ማታ ለጥበቃ ይለቀቃል የሚለውንም አልወደደውም። እረኛ ውሻ የሚንቀሳቀስ ያሳድዳል፤ ጅብን ማሳደድ ደግሞ የሚያበቃው በውሻው ጉዳት ነው።

12፣ 13 እና 14. አሥራ ሁለተኛው ይህ ሁሉ ቅንጦት ነው፣ ባጃጅ ሲያሳድድ አንድ ድንጋይ ወገቡ ላይ ቢያርፍ ይማራል አለ። አሥራ ሦስተኛው በቁጣ ነው የመለሰው፤ ቁጣውን ትተን ምክንያቱን ብንወስድ ልክ ነው። የተመታ ውሻ ሕመሙን ከማሳደዱ ጋር ሳይሆን ከባጃጁ ወይም ከመቺው ጋር ያያይዘዋል፤ ቀድሞ በጨዋታ ያሳድድ የነበረው አሁን በጥላቻ ይነክሳል። ሲያጉረመርም የሚመታ ውሻ ማጉረምረሙን ይተዋል፤ ከዚያ ሳያስጠነቅቅ ይነክሳል። ጎንበስ የሚል ሰው ሁሉ ድንጋይ አንሺ መስሎት የሚሸሽ ወይም የሚዘል ውሻም ጫማውን የሚያስር ልጅ ያስፈራል። አሥራ ሁለተኛው የስድብ ቃል ሲጨምር አወያዩ ገባ፤ ሁለት ምላሾች ተሰርዘው ክሩ ለአንድ ቀን ተዘጋ።

15. ሲከፈት አሥራ አምስተኛው ስለ ባጃጅ በሰከነ መንፈስ ጻፈ። መጀመሪያ የሚፈለገው ርቀቱ ነው፤ ውሻው ባጃጁን እያየ ጉበት መብላት የሚችልበት ቦታ። አፉ ላይ ቀርቦለት ካልበላ ርቀቱ አጥሯል ማለት ነው፤ ለአብዛኛው ከ30 እስከ 40 ሜትር ይጀመራል። ባጃጅ ብቅ ሲል ምግቡ ይመጣል፣ ባጃጁ ሲሰወር ምግቡ ይቋረጣል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ፣ ምግብ የያዘው እጅ ቀድሞ ከተነሣ፣ ውሻው የሚማረው ኪስ መጠበቅን ብቻ ነው። ከስድስት እስከ ስምንት ባጃጅ ካለፈ በኋላ ወደ ቤት። ባጃጁን አይቶ በራሱ ጊዜ ወደ ባለቤቱ ፊቱን ሲመልስ ብቻ ሁለት ሦስት ሜትር ይቀረባል። ገመዱ ላላ ብሎ ይያዝ፤ የተወጠረ ገመድ ራሱ ማስጠንቀቂያ ይሆንበታል። ከፈነዳ መጮኽ አያስፈልግም፤ ዞሮ ሃያ እርምጃ መራቅ፣ የዚያን ቀን ልምምድ ማቆም፣ በማግስቱ ከሩቅ መጀመር። ደሙ የፈላ ውሻ ለሰዓታት አይሰክንም፤ ወዲያው መድገም ሁለተኛ ፍንዳታ መጥራት ነው።

16 እና 17. አሥራ ስድስተኛው ቀለደ። የጅማ መርካቶና ፈረንጅ አራዳ ላይ 40 ሜትር ከባጃጅ የሚርቅ ቦታ ካለ አሳዩኝ አለ። አሥራ ሰባተኛው ቀልዱን ተቀብሎ መፍትሔ ጨመረ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ ከሰፊ ሜዳ ዳር፣ የሚያውቁትን ባለ ባጃጅ ለምኖ መጀመር ይቻላል። አንድ ቀን ሞተሩ ጠፍቶ ቆሞ፣ በሌላው ቀን ቆሞ ሞተሩ ተነሥቶ፣ ከዚያ አምስት ሜትር ወደፊት፣ ከዚያ በዝግታ ማለፍ። ድምፁና እንቅስቃሴው ተለያይተው ሲቀርቡ እያንዳንዱ ይቀልላል። ሥልጠናው እስኪያልቅ ድረስ መርካቶ አይወሰድም፤ አንድ የተሳካ ማሳደድ የሳምንት ልፋት ይበላል።

18. ስለ ልጆች የተጻፈው አጭር ነው። ልጆች ሲሯሯጡ ውሻው በረቱ ውስጥ ወይም ጆንያው ላይ፣ ካልሆነ በገመድ፤ አራተኛ ምርጫ የለም። ተረከዝ ሲይዝ ልጁ ይቁም፣ እጁን ደረቱ ላይ ያድርግ፣ አይጩኽ። ቆዳ ከተላጠ ግን ጨዋታ ነው ብሎ ማለፍ የለም፤ ቁስሉን በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ማጠብና ጤና ጣቢያ መሄድ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በሦስት ወር ተሰጥቶ በዓመቱ ይደገማል፤ ካርዱ ይቀመጥ።

19. ከሰቃ ጨቆርሳ በኩል በግ የሚያረቡ አንድ አዛውንት፣ ሁሉም «አባባ» የሚላቸው አባል፣ ውሻው የጠፋበት ሥራው ነውና በጎች መሃል ይለቀቅ፣ ያኔ ይረጋጋል አሉ። ሐሳባቸው መልካም ነው።

20. ሃያኛው በአክብሮት «መለቀቅ» የሚለውን ብቻ ተቃወመ። የእኛ በግ በውሻ መነዳት አልለመደም፤ ይበተናል፣ ወይም አውራው ዞሮ ይዋጋል፤ ያልሠለጠነ ውሻም አንዷን ነጥሎ ይነክሳል። መሞከር የሚቻለው ውሻው ከ10 እስከ 12 ወር ሲሞላው፣ «ተኛ» የሚለውን በሩጫ መሃል እንኳ ሲታዘዝ ነው። አምስት ስድስት የረጋ ትልልቅ በግ፤ እርጉዝ፣ ግልገልና አውራ አይገቡም። ስፋቱ ከ15 እስከ 20 ሜትር የሆነ ክብ በረት። አምስት ሜትር ገመድ መሬት ላይ እየተጎተተ፣ ጫፉ ላይ ቀለበት ሳይኖረው፤ ቀለበት ካለ የበግ እግር ይይዛል። ሰውየው ከበጎቹ ጋር ይንቀሳቀሳል፤ ጥሩ ውሻ ከሰውየው ትይዩ፣ ከበጎቹ ማዶ መቆምን በተፈጥሮው ይፈልጋል። በጎቹን በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ ሲዞር «ግራ»፣ በተቃራኒው ሲዞር «ቀኝ» እየተባለ እየሠራው ይሰየምለታል። አምስት ደቂቃ ሲሞላ ማቆም። በከብት አይጀመርም፤ አንድ እርግጫ መንጋጋ ይሰብራል። አባባም በዚህ ተስማሙ፤ በጎቹን ለማዋስ ፈቃደኛ እንደሆኑም ጨመሩ።

21 እና 22. ጀርመን ሼፐርድ ያለው ሃያ አንደኛ መላሽ ዘሮቹ እንዳይቀላቀሉ አስጠነቀቀ። ቦርደር ኮሊ በዓይኑ አፍጥጦ፣ ዝቅ ብሎ እየተሳበ መንጋ የሚሰበስብ ነው፤ የዛሬዎቹ ዘራቸው በ1893 እ.ኤ.አ. ከተወለደው፣ ኦልድ ሄምፕ ከተባለው ውሻ ይመዘዛል። ጀርመን ሼፐርድ ግን የዘሩ መሥራች ማክስ ፎን ስቴፋኒትስ በ1899 እ.ኤ.አ. ሆራንድ ፎን ግራፍራት የተባለውን ውሻ ገዝቶ የዘር መዝገብ ሲከፍት ጀምሮ የተመረጠው በአዝመራና በግጦሽ መካከል ያለውን ድንበር እየተመላለሰ እንዲጠብቅ ነው። ስለዚህ ለጀርመን የግቢ ዙሪያ ጉዞ ሥራ ሲሆነው ለኮሊ አይሆነውም። ከቤልጂግ የሚመጣው ማሊኑዋ ደግሞ በጥርሱ ይይዛልና ለጀማሪ አይመክረውም። ሃያ ሁለተኛው የአገራችን የእረኛ ውሻ ከሁለቱም እንደሚለይ አስታወሰ፤ እሱ መንጋውን ከጅብና ከሌባ ይጠብቃል እንጂ አይነዳም፤ ስለዚህ ገጠር ያደገ ሰው ከኮሊ የሚጠብቀውን ጸጥታ አያገኝም።

23. ሃያ ሦስተኛው ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ ውሻው የሚቁነጠነጠው መዥገር ይዞት ይሆናል፣ የከብት አይቨርሜክቲን አንድ ሚሊ ሊትር ይወጋ አለ።

24. አንዲት የእንስሳት ሐኪም ወዲያው ጻፈች፤ ለስላሳነት በዚህ ምላሽ የለም። ኮሊና ዘመዶቹ ኤምዲአር1 በሚባለው ዘረ መል ላይ ጉድለት ሊኖራቸው ይችላል፤ በ2001 እ.ኤ.አ. ነው የታወቀው። ጉድለቱ ያለበት ውሻ መድኃኒቱ ወደ አንጎሉ እንዳይገባ የሚያግድ በር የለውም። ባለ ረጅም ፀጉሩ ኮሊ ላይ ከ100 ውሾች 70 ያህሉ ጋ ይገኛል፤ ጀርመን ሼፐርድ ላይ ከ10 አንድ ገደማ፤ ቦርደር ኮሊ ላይ ጥቂት ቢሆንም አለ፣ ሳይመረመር ደግሞ በዓይን አይለይም። ስሌቱንም አስቀመጠች። የከብቱ መርፌ በአንድ ሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም ይይዛል፤ አንዱ ሚሊ ሊትር ለ50 ኪሎ የከብት ክብደት የተለካ ነው። 16 ኪሎ ውሻ ላይ አንድ ሚሊ ሊትር በኪሎ 625 ማይክሮ ግራም ይሆናል፤ ጉድለት ያለበትን ውሻ ለመመረዝ በኪሎ 100 ማይክሮ ግራም ገደማ ይበቃል። ምልክቱ ምራቅ መዝረብረብ፣ የዓይን ብሌን መስፋት፣ መንገዳገድ፣ መታወር፣ ራስን መሳት ነው። ማርከሻ የለውም፤ የሚደረገው በግሉኮስና በክትትል ቀናትን፣ አንዳንዴም ሳምንታትን ማሳለፍ ነው። በቅርቡ የታከመ ፈረስ ፋንድያ ወይም የከብት እበት የሚበላ ውሻም ለዚሁ ይጋለጣል።

25 እና 26. ሃያ ሦስተኛው፣ ብዙ ውሻ ሲወጋ አይተናል አንድም አልሞተም አለ። ሐኪሟ፣ የሞተውን መርዝ በልቶ ነው ብለው ቀብረውት ይሆናል ብላ በአንድ ዓረፍተ ነገር ዘጋችው። ከዚያ ለመዥገር የሚደረገውን ጻፈች። በፒንሳ ከቆዳው ጠጋ ብሎ ይዞ ቀጥ አድርጎ መንቀል፤ ከጆሮ ውስጥ፣ ከጣት መካከልና ከጅራት ሥር መጀመር። ቡናማው የውሻ መዥገር አብዛኛውን ዕድሜውን የሚያሳልፈው በግድግዳና በጣውላ ስንጥቅ ውስጥ ስለሆነ ውሻውን ብቻ ማከም አያዋጣም፤ የበረቱ ስንጥቅ ይጸዳ፣ ይደፈን። ለውሻ የተዘጋጀ ፊፕሮኒል አለ፤ ለከብት የሚረጨው ዲያዚኖን ግን ውሻን መንካት የለበትም።

27. ወሬው ከዚያ በኋላ ረገበ። ሃያ ሰባተኛው ስለ ጎረቤት አነሣ። ጅማ ብዙ ሙስሊም ያለበት ከተማ ነው፤ የውሻ ምራቅ የነካውን ማጠብ ግዴታው የሆነ ጎረቤት አጠገብ ውሻ ሲያልፍ ገመዱ አጥሮ፣ ውሻው በባለቤቱ ውጭኛ ጎን ይሁን። በሶላት ሰዓት በመስጊድ ደጅ፣ በቅዳሴ ሰዓትም በቤተ ክርስቲያን ቅጥር አይታለፍ። ለመንጋ፣ ለአዝመራና ለአደን ውሻ መያዝ በሐዲስ የተፈቀደ መሆኑን የሚያውቅ ጎረቤት ውሻው ሥራ ሲሠራ ካየ ፊቱ ይፈታል አለ። ማንም አልተከራከረውም።

28. ሃያ ስምንተኛው የትእዛዝ ቃላትን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ ቤት ውስጥ ግማሹ «ና»፣ ግማሹ በኦሮምኛ «ኮቱ» የሚል ከሆነ ቤተሰቡ ተሰብስቦ አንዱን ይምረጥ። «ክላ» ግን ለትእዛዝ አይሆንም፤ መንገደኛው ሁሉ ስለሚለው ውሻው መስማት ይተዋል። ለሩቅ ጥሪ ፊሽካ ይሻላል፤ ድምፁ ስንቆጣም ስንደክምም አይለወጥም።

29. ጠያቂው ተመለሰ። ኳሱ ተደብቋል፣ በረቱ ተጀምሯል፤ ውሻውን ለሰው ስለመስጠት የጻፈው ነገር የለም። ጥያቄው አሁን ረጅሙን ገመድ ይመለከታል፤ ከመርካቶ የገዛው የናይለን ገመድ እጁን ላጠው።

30. የመጨረሻው መላሽ ናይለኑ ይቅር አለ። 10 ሜትር ጠፍጣፋ፣ ወርዱ ሁለት ሳንቲ ሜትር የሆነ የጭነት ማሰሪያ ጨርቅ ገዝቶ፣ በየሁለት ሜትሩ ቋጠሮ ማድረግ፤ ቋጠሮው ገመዱ በእግር ሲረገጥ እንዳይንሸራተት ይይዛል። የሚታሰረው ከአንገቱ ሳይሆን ከደረት ማሰሪያው ጀርባ ላይ ነው፤ 16 ኪሎ ውሻ በሙሉ ሩጫ 10ኛው ሜትር ላይ በአንገቱ ቢቆም ጉሮሮው ይጎዳል። እርጥብ ሲሆን ስለሚከብድ ከዝናብ በኋላ ተዘርግቶ ይድረቅ፤ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ ይሻግታል።